የሩፊዳ ኢሜይል

ሩፊዳ በዚያ ሳምንት አንዱን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጻፈችው፤ ሦስት ጊዜም ከስልኳ ላይ ጠፋባት።

አባቷ ሐጂ አብዱረሕማን መተማ ዮሐንስ ውስጥ ሰሊጥ ከገበሬ ገዝተው፣ አበጥረው የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰሊጣቸው ወደ ውጭ የሄደው በአንድ ደላላ ስም ነበር። ገዢዎቹ ደላላውን ያውቃሉ፤ ሐጂ አብዱረሕማን የሚባል ሰው መኖሩን ግን አያውቁም። ሩፊዳ ጎንደር ተምራ ስትመለስ ይህ ነገር ከነከናት። አባቷን አሳምና የላኪነት ፈቃድ አስወጣች፤ ለአንድ የውጭ አገር ዘይት ፋብሪካም ናሙና ላከች። ፋብሪካው ወዶት ኖሮ በኢሜይል ጠየቃት፤ እሷም ስንት ኩንታል፣ በምን ዋጋ እንደሚያቀርቡ ወዲያው መለሰች። ከዚያ ፋብሪካው የሰሊጡን ዝርዝርና የመጋዘኑን ፎቶ ሲጠይቅ ነው ጣጣው የመጣው።

መተማ ላይ ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንዳንዴም ስልኩ የራሱን ትቶ ከማዶ፣ ከገላባት፣ የሱዳንን መስመር ይይዛል። ከስልኳ ጋር የመጣው የኢሜይል መተግበሪያ መስመር በተቋረጠ ቁጥር የጻፈችውን ሁሉ ይዞ ይዘጋ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በንዴት ተነስታ ጉምሩኩ አጠገብ ወዳለችው የስልክ ጥገና ቤት ሄደች። ከውስጥ አንድ ቀጭን፣ ረዘም ያለ ወጣት አጎንብሶ ይሠራል። ሳጂድ ይባላል፤ አገሩ ገለጉ ነው። ሙያውን ያስተማረው ሰው የለም፤ የተጣሉ ስልኮችን እየፈታና እየገጠመ ራሱ ነው የተማረው።

«ስልኬ ተበላሽቷል» አለችው።

ተቀብሎ ነካካው። «ስልኩስ ደህና ነው። ያልሆነሽ የኢሜይል አፑ ነው።»

«ሌላ አለ እንዴ?»

«ሞልቷል። ቁጭ በይና እንምረጥ። ግን መጀመሪያ ምን እንደምትጽፊ ንገሪኝ።»

ሩፊዳ ፊቷን አኮሳተረች። «እሱን ለምን ፈለግኸው?»

«ይዘቱን አይደለም» አለ ሳጂድ ረጋ ብሎ። «ረጅም ነው አጭር? ፎቶ ታያይዣለሽ? ኔትወርክ በሌለበት ነው የምትጽፊው? እሱን ሳላውቅ ይሄ ይሁንሽ ብልሽ ማታለል ነው።»

አራት አወረዱ። የመጀመሪያው ከብዶ ስልኩን አጋለው። ሁለተኛው ያምራል፤ ግን በየደብዳቤው መሀል ማስታወቂያ ይደነቅራል። ሦስተኛው ፈጣን ነበር፤ ሩፊዳም ወደደችው። ሳጂድ ግን «እስማማለሁ» የሚለውን ከመንካቷ በፊት ጽሑፉን እስከ ታች አነበበና እጁን አነሳ።

«ይሄ ደብዳቤሽን መጀመሪያ ወደ ራሱ ቤት፣ ወደ ሠሪዎቹ ኮምፒውተር፣ ወስዶ ነው ለአንቺ የሚያመጣው። እኔ ብሆን አልፈልገውም። ምርጫው ግን ያንቺ ነው።»

ሩፊዳ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ በፊት ምርጫው ያንቺ ነው ያላት ሰው ትዝ ሊላት አልቻለም።

አራተኛው ጌጥ የለውም፤ ነጭ ገጽና ጥቁር ጽሑፍ ብቻ። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን የተጻፈውን አስቀምጦ ይጠብቃል፤ ሲመጣ ራሱ ይልካል። የማንንም አድራሻ አይደብቅም፤ ማን እንደላከ፣ ለማን እንደተላከ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

«ይሄን» አለች።

«ጥሩ። በይ ፓስዎርድሽን አስገቢ» አለና ከነወንበሩ ዞሮ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። እሷ ጨርሳ «በቃ» እስክትለው ድረስ አልተመለሰም።

ደብዳቤዋን እዚያው ጻፈች። ኔትወርኩ ግን ድርግም አለ። ተስፋ ቆርጣ በባጃጅ ወደ ቤቷ ስትሄድ ስልኳ እጇ ውስጥ ነዘረ። ተልኳል። የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ እስኪያያት ድረስ ብቻዋን ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ሩፊዳ ወደ ጥገና ቤቱ የምትሄድበት ምክንያት በዛ። አንድ ቀን ፎቶው ትልቅ ሆነብኝ አለች፤ ሌላ ቀን ደብዳቤ ሲገባ ድምፁ አይሰማኝም አለች። ሳጂድ ድምፁ ሆን ተብሎ እንደተዘጋ ገብቶታል። ዝም ብሎ ከፈተላት።

«ፋብሪካው ምን አለሽ?» ብሎ አንድም ጊዜ ጠይቋት አያውቅም። የነገረችው ራሷ ናት። ዋጋውን ሳይሆን ሕልሟን። «አባቴ የራሱን ስም በጆንያው ላይ እንዲያነብ ነው የምፈልገው» አለችው። ሳጂድ መፍቻውን አስቀምጦ ሰማት።

አንድ ጠዋት ደላላው ከሚኖርበት ከተማ መጣ። ወደ ሐጂ አብዱረሕማን መጋዘን ገብቶ ሩፊዳ ለፋብሪካው ያቀረበችውን ዋጋ ከነሳንቲሙ ነገራቸው።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?» አሉት ሐጂ ደንግጠው።

«ስልክ ጠጋኙ ነዋ፤ ልጅዎ እሱ ቤት እንደምትመላለስ ገበያው ሁሉ ያውቃል። የልጅዎን ደብዳቤ እያነበበ ለገበያ ያወራል። ሐጂ፣ ይሄ ነገር ለእርስዎ አይሆንም። እንደ ድሮው በእኔ በኩል ይሁን።»

ሐጂ ልጃቸውን ጠሩ። «ከዛሬ ጀምሮ እንዳትጽፊ። እዚያ ልጅ ቤትም እንዳትረግጪ» አሏት። ድምፃቸው ከቁጣው ይልቅ ኀፍረት ነበረበት፤ እሱ ነው ያቃጠላት።

ሩፊዳ በቀጥታ ወደ ጥገና ቤቱ ሄደች። የጭነት መኪና ሹፌሮችና ሁለት ነጋዴዎች በር ላይ ቆመዋል።

«ደብዳቤዬን ሸጥኸው» አለችው።

«አልሸጥኩም።»

«ታዲያ ዋጋውን ማን ነገረው? ስልኬን ከአንተ ሌላ ማን ነካው? ሌባ ነህ።»

ሳጂድ ቀላ። «ፓስዎርድሽን ስታስገቢ የት እያየሁ እንደነበር ታውቂያለሽ» አለ። ወደ ሥራው አጎነበሰ። አልለመናትምም።

ቤቷ ገብታ በር ዘጋች። ምን ምን እንደወጣባት ለማወቅ ደብዳቤዎቿን ከመጀመሪያው አንስታ ማየት ጀመረች። በዚያ ነጭ ገጽ ላይ፣ በድሮው መተግበሪያ የላከችው የመጀመሪያ መልስ ተከፈተ። ከላይ የፋብሪካው አድራሻ አለ። ከሥሩ ደግሞ «ግልባጭ» ይልና የደላላው አድራሻ ተጽፏል።

ፋብሪካው መጀመሪያ ለሩፊዳ ሲጽፍ፣ የመተማ ሰሊጥ ሻጭ ብሎ የሚያውቀውን ደላላ በግልባጭ አስገብቶት ኖሯል። የድሮው መተግበሪያ ግልባጩን ደብቆ፣ መልሷን ለሁለቱም ልኮታል። ዋጋውን ለደላላው የነገረችው ራሷ ነበረች።

ሩፊዳ ስልኩን ይዛ ተነሳች። ከዚያ አባቷ ዘንድ ሄዳ አሳየቻቸው። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ዋሽቶኛል» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ አባ። እኔም ሰው በድያለሁ። እዚያ ቤት እንዳልረግጥ ብለውኛል፤ ዛሬ ግን ይፍቀዱልኝ።»

«አብረን እንሄዳለን» አሏት።

በሩ ላይ እንደ ወትሮው ሰው ነበር። ሳጂድ ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሳ። ሩፊዳ ድምፅዋን አልቀነሰችም።

«ሰው ፊት ነው ሌባ ያልኩህ። ሰው ፊት ነው ይቅርታ የምጠይቅህ። ስህተቱ የእኔ ነው። አንተ ንጹሕ ነህ።»

ሐጂ አብዱረሕማን ተከተሉ። «እኔም ስምህን በክፉ አንስቻለሁ፤ አፉ በለኝ ልጄ።»

ሳጂድ ለሐጂ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። «ይበሉ ተዉት ሐጂ፤ አፉ ብያለሁ።» ከዚያ ወደ ሩፊዳ ዞረ። «ስድቡ አይደለም ያመመኝ። እዚህ የሚመጣ ስልክ ሁሉ የሰው ጓዳ ነው። አንድ ቀን እንኳ ገብቼ አላውቅም። ይሄን አንቺ ታውቂልኛለሽ ብዬ ነበር።»

«አሁን አውቃለሁ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ግን አላቀረቀረችም። እሱም ዓይኑን አልሰበረም።

ሐጂ ደላላውን አሰናበቱ። ሩፊዳ ለፋብሪካው በራሷ እጅ ጻፈች፤ በኅዳር የመጀመሪያው ጭነት ወጣ። ሐጂ አብዱረሕማን በመኪናው ዙሪያ ቀስ ብለው እየዞሩ በየጆንያው ላይ የታተመውን አነበቡ፦ «አብዱረሕማን፣ መተማ»። መኪናው ተነስቶ አቧራው እስኪጠፋ ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

በጥር፣ ከገለጉ በጭነት መኪና አንድ ቀን ሙሉ ተጉዘው የሳጂድ አጎትና ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ሳሎን ተቀምጠው የመጡበትን ተናገሩ። ሳጂድ ከእነሱ ኋላ ነበር።

ከሐጂ አጠገብ የተቀመጡት የሩፊዳ አጎት ገና እንደሰሙ «የልጁ ሥራ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የሰው ምስጢር የሚጠብቅ ባለሙያ ነው» አሉ ሐጂ ሽማግሌዎቹን ቀድመው። «ሌላውን ግን እኔን አትጠይቁኝ። ልጄ ለራሷ መናገር ታውቃለች።»

ሩፊዳ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሻሿን አስተካከለች። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ በዓይኗ ሰላም ብላ በመጨረሻ ሳጂድን አየችው።

«መርጫለሁ» አለች። «እሱን ነው።»