ጠጪ፣ በሞቴ

ማርስ ላይ ነፋስ ሲነሳ የሰፈሩ የመስታወት ጣሪያ ይንቋቋል። እትዬ ደብሪቱ ከቁብም አትቆጥረው። እሷን ያንገበገባት ሌላ ነው።

«አሁንም ቅጠል ብቻ!»

ከድሬዳዋ በአንዲት ቅርንጫፍ ያመጣቻት ቡገንቪላ፣ ያቺ እሾሃም ሐረግ፣ ግድግዳውን ጨርሳ ጣሪያው ላይ ተንሰራፍታለች። አበባ ግን የለም። የሰፈሩ ሹም ጋሽ ወንዳፍራሽ ቁርጡን ነግረዋታል።

«ብርሃኑን ጋረደችብን እኮ። በዚህ ወር ካላበበች ትነቀላለች።»

«መጀመሪያ እኔን ይንቀሉኝ!»

ቡገንቪላ ካልተጠማች አታብብም። ስለዚህ አያ ብረቱን፣ ተክል የሚያጠጣውን ሮቦት፣ ዝር እንዳትልባት ካለችው ሰነባብቷል። አፈሩ ግን ሁሌም እርጥብ ነው። ቧንቧ ፈንድቶ ይሆናል ብላ ቆፈረች፤ ቧንቧው ደህና ነው። ቢቸግራት ከሥሯ «አፈር ጆሮ» የሚሏትን ቀበረች፤ እርጥበትና ድምፅ የምትለቅም፣ ባቄላ የምታክል መሣሪያ ናት። በማግስቱ አዳመጠቻት።

መጀመሪያ የጎረቤቷ የየትናየት ድምፅ መጣ። «ጠጪ የኔ እናት፣ ይቺ ጨካኝ በጥም ልትፈጅሽ ነው።» ውኃው ተንቆረቆረ። ቀጥሎ ሌላ ሰው፣ ደግሞ ሌላ። ከዚያ ጋሽ ወንዳፍራሽ ራሳቸው! «ለማንም እንዳትናገሪ፤ ከድርሻዬ ነው።» በመጨረሻም አንድ የብረት ድምፅ፦

«አንዴ ብቻ። በሞቴ።»

ደብሪቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ወጥታ ሰፈሩን በሙሉ ሰብስባ አስደመጠቻቸው። ጋሽ ወንዳፍራሽ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

«አንተስ፣ ምን ሞት አለህና ነው በሞቴ የምትለው?» አለችው ብረቱን።

«ሰው ሲያጠጣ እንዲህ ይላል። ካልተባለ ውኃው የሚወርድ አልመሰለኝም።»

ከዚያ ወዲያ ማንም እንዳያጠጣት ሁሉም እርስ በርስ ሲጠባበቅ፣ ሐረጊቱ ተጠማች። ቅጠሏ ረገፍ ረገፍ አለ። የትናየት ልታያት አልቻለችም፤ በሌላ መንገድ ዞራ ትሄድ ጀመር።

ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት ሰፈሩ ቀይ ሆኖ ነቃ። ጣሪያው በአበባ ተሸፍኖ፣ ብርሃኑ እየቀላ ሰው ላይ ይወርዳል። እልልታው ቀለጠ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ትከሻቸውን በእስክስታ ሰበቁ። ደብሪቱ እህል ውኃ ሳትል አንጋጣ ዋለች።

አያ ብረቱ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዞ መጣ።

«አልጠማኝም።»

«በሞቴ» አላት።

ትክ ብላ አየችው። የማይሞተው ፍጡር፣ የሌለውን ሞቱን አውጥቶ ይለምናታል።

ተቀብላ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨለጠችው።