ከተዘጋው ውሃ የወጣው ሸርጣን

ኤሮኒ ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተዘርሮ ሞተ። ፊቱ ከማበጡ የተነሣ ዓይኖቹ አይታዩም፤ አንገቱንና ደረቱን ቀይ ሽፍታ ወርሶታል። አጠገቡ የተበላ ሸርጣን ቅርፊት ተከምሯል። እኛ ጎረቤቶቹ ቅርፊቱን ስናይ ምን ገደለው ብለን እንኳ አልጠየቅንም፤ በዚያ ሰሞን ሸርጣን የሚገኘው ከተዘጋው ውሃ ብቻ ነበርና።

የመንደራችን አለቃ ከሞቱ ዘጠና ቀን ሆኗቸዋል። በእኛ ወግ አለቃ ሲሞት ከመንደሩ ፊት ያለው ባሕር መቶ ቀን ይዘጋል፤ በመቶኛው ቀን ተከፍቶ ከሱ በወጣው ይደገሳል። ከዚያ በፊት ያጠመደ ሰው አብጦ ይሞታል ይባላል። ኤሮኒም አብጦ ሞተ። «የእጁን አገኘ» አልን፤ እኔም አፌን ሞልቼ ብያለሁ። የመንደሩ ሹም ሳኪዩሳ ደግሞ ሌባ ከአባቶቹ መቃብር አይገባም ብሎ ቆረጠ።

ሚስቱ ላኒዬታ ለፖሊስ ደወለች። «ሳኪዩሳ "ያን ውሃ ብትነካ ትሞታለህ" ብሎ በሰው ፊት ዝቶበታል። መርዞት ነው» አለች።

በማግስቱ ሳጅን ራይጄሊ በጀልባ ደረሰች። ወፍራም፣ ረጋ ያለች የማዶው ደሴት ሴት ናት። የማዶ ሰዎችና እኛ ከጥንት የቀልድ ዘመዳሞች ነን፤ ብንሰዳደብ ማንም አይቀየምም። ይህ ለመርማሪ ምን ያህል እንደሚጠቅም የገባን ዘግይቶ ነው።

«አንተ የዓሣ ሽታ፣ ሰው መግደል ጀመርክ አሉ!» አለችው ሳኪዩሳን፣ ገና እግሯ መሬት ሳይነካ።

«የሌሊት ወፍ በላተኛ! አንቺን ጭኖ ጀልባው አለመስመጡ ተአምር ነው።»

«መርዘኸዋል?»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ዝቻለሁ። አልመረዝኩም። የገደለው ባሕሩ ነው።»

«ታዲያ ባሕሩን በካቴና ልሰረው?» ብላ አልፋው ወደ ላኒዬታ ቤት ሄደች።

«እህቴ፣ አንቺም ከሸርጣኑ በልተሻል?»

«እግሮቹን በላሁ። እሱ የሚወደው ሆድ ዕቃውን ነው።»

«ምንም አላደረገሽም?»

«ምንም። እሱን ግን ሳህኑን ሳይጨርስ ያሳክከው ጀመር፤ ከዚያ ትንፋሽ አጠረው። ሮጬ የክሊኒካችንን ሲስተር ጠራኋት፤ እሷም ወዲያው ደረሰች፤ ግን...»

ሳጅን ቅርፊቶቹን አንድ በአንድ አገላብጣ አየች። ከአንዱ ውስጥ የሆነ ነገር አውጥታ በመሐረብ ጠቀለለችና ክሊኒኩ ሄደች።

ሲስተር ኡናይሲ ሃያ ዓመት ያዋለደችን ነርስ ናት። በመንደሩ ከእሷ በላይ የሚከበር የለም። «ባሕሩ ገደለው የሚሉት ተረት ነው፤ የዓሣ መርዝ መሰለኝ። ጨውና ስኳር በጥብጬ ልሰጠው ስል አለፈ» አለች።

ሳጅን የኤሮኒን ካርድ አየች። ዳር ላይ በቀይ ቀለም «ፔኒሲሊን እንዳይሰጠው» ይላል፤ ጽሑፉ የሲስተር ነው። የድንገተኛውን ሣጥን ከፈተች።

«አድሬናሊን ስንት ይይዛሉ ሲስተር?»

«አምስት።»

አምስቱም መርፌ አለ። በመደርደሪያውም ላይ ጊዜው ያለፈ መድኃኒት አንድም አልነበረም።

«እንዲህ የጸዳ ክሊኒክ አይቼ አላውቅም» አለች ሳጅን። ሲስተር አላመሰገነችም።

ሳኪዩሳ ደጅ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። «በመንደራችሁ እገዳውን አጥብቆ የሚያከብረው ማነው?» አለችው።

«ሲስተር ናታ! መቶ ቀን አይበቃም፣ አምስት ዓመት ይዘጋ ብላ ለምናኛለች።»

«የአያቶቻችሁን ወግ ተረት ነው የምትለዋ?»

ባሕሩ ሲሸሽ ሁለቱ ጭቃውን እየረገጡ በተዘጋው ውሃ ውስጥ ወደበቀለው የማንግሮቭ ዛፍ ጫካ ገቡ። ሲመለሱ ሹሙ ከሳጅን ጋር መቀላለዱን ትቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁላችንም በመሰብሰቢያው ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን።

«ሁለት ሰዎች አንድ ሸርጣን በሉ፤ አንዱ ሞተ» አለች ሳጅን። «ምልክቱም የመርዝ አይደለም። ሽፍታ፣ እከክ፣ የጉሮሮ መዘጋት፤ ይህ አለርጂ ነው። ኤሮኒ ደግሞ ሸርጣን በልቶ ያደገ ሰው ነው። የሚገድለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ፔኒሲሊን ነው።»

«መድኃኒት አልዋጠም!» አለች ላኒዬታ።

«ሸርጣኑ ውጦለታል፤ ኤሮኒም የበላው ሆድ ዕቃውን ነው።» መሐረቧን ፈታች፤ ከፔኒሲሊን ክኒን መያዣ የተቀደደች ብርማ ቁራጭ ናት። «ጫካው ውስጥ አራት በርሜል መድኃኒት ሰጥሟል። ክዳናቸው ተፈንቅሏል፤ ሸርጣኖቹም ገብተው እዚያው ይበላሉ። ያን ውሃ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ከፍታችሁ ልትደግሱበት ነበር።»

ሁላችንም ዞረን ሲስተርን አየናት።

«ከከተማ የሚልኩልን ግማሹ ሲደርስ ጊዜው አልፏል» አለች ሲስተር። «ማቃጠያ የለኝም። ውሰዱልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ማንም አልመጣም። ማንም የማያጠምድበት ውሃ ደግሞ ያ ብቻ ነበር። እዚያ የጣልኩት እናንተ እንዳትጎዱ ብዬ ነው።»

«አምንዎታለሁ። እስከዚህ ያለው ስህተት ነው» አለች ሳጅን። «ነገር ግን ካርዱን የጻፈች ነርስ ያን እብጠት ከዓሣ መርዝ አታምታታውም። እንዲህ ያለውን አለርጂ የሚያድነው የአድሬናሊን መርፌ ለምን አልጎደለም?»

ሲስተር ኪሷን ዳሰሰች። «አንዱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ብወጋው ፔኒሲሊኑን ከየት አገኘው ይሉኛል ብዬ... አባታችን ሆይ አንዴ የሚደገምበትን ያህል አመነታሁ። ስወስን ትንፋሹ የለም። መርፌውን ወደ ሣጥኑ መለስኩት።» ማንም ሳይጠይቃት ሁለት እጆቿን ለሳጅን ዘረጋች።

ላኒዬታ አልጮኸችም። ወደ ሹሙ ዞራ «አሁንስ ከአባቶቹ ጋር ይቀበራል?» አለችው።

ሳኪዩሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቢሆንም እገዳውን ጥሷል። ሌባ ሌባ ነው።» እኛም «ልክ ነው» በሚል ራሳችንን ነቀነቅን።

«አንድ ነገር ይቀረኛል» አለች ሳጅን። «ነገ ሐኪም ይመጣል። ባለፉት ዘጠና ቀናት ከዚያ ውሃ የበላ ሁሉ መመርመር አለበት። ልጆቻችሁንም ካበላችኋቸው እነሱም ይታያሉ። የበላችሁ እጃችሁን አንሡ።»

ቀድማ እጇን ያነሣችው የሳኪዩሳ ሚስት ናት። ሹሙ አያት፤ ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ የራሱን አነሣ። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ዘማሪዎች፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ። እኔም ሁለት ጊዜ በልቻለሁ፤ እያፈርኩ አነሣሁ። በቤቱ ውስጥ ያልተነሣ እጅ ጥቂት ነበር።

ላኒዬታ ከዳር እስከ ዳር አየችን።

«እንግዲህ ከመሰሎቹ ጋር ይቀበራል» አለች።