ከፖስተሩ የወጡት ሁለት ብርጭቆዎች

ፌኔት ፖስተሩን ልትሰቅል ዘርግታው እጇ ቆመ። ሠንጠረዡ ላይ ያሉት ሦስት ብርጭቆዎች ብቻ ናቸው።

«ቤቴል፣ አራተኛውና አምስተኛው የት ሄዱ?»

ቤቴል ፕላስተሩን በጥርሷ እየቆረጠች «አወጣኋቸው» አለች። «አልሠሩማ!»

መካኒሳ በሚገኘው ትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ቀን ነበር። አንደኛ የሚወጣው ቡድን ክረምቱን ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠለጥናል። የአሥረኛ ክፍል ጓደኛሞቹ ለዚያ ሲሉ ስንት ቅዳሜ ሠውተዋል።

ሐሳቡ የፌኔት ነበር። እናቷ ጨጓራቸውን ሲያማቸው የሚውጡት እንክብል አለ። የጨጓራ ሕዋሳት አሲድን ወደ ውጭ የሚገፉበት ጥቃቅን ፓምፕ አላቸው፤ መድኃኒቱ ያንን ፓምፕ እንደሚዘጋ አነበበች። እርሾም ሕዋስ ነው፤ አሲድ ይገፋል። የእሱንስ ፓምፕ ይዘጋ ይሆን? በቀይ ጥቅል ጎመን ውሃ ሞከሩት፤ አሲድ ሲበዛበት ሐምራዊው ውሃ ሮዝ ይሆናል። መድኃኒት ከገባባቸው አምስት ብርጭቆዎች ሦስቱ ሐምራዊ እንደሆኑ ቆዩ። ሁለቱ ግን ቁልጭ ያለ ሮዝ ሆኑ።

«አምስት ሞክረን ሦስት ነው ልንል ነው?»

«አታካብጂ ባክሽ! ዳኛዋ ዶክተር ጸሐይወርቅ ናቸው። የካንሰር ሕዋስ አሲዱን እንዳያስወጣ የሚያግድ መድኃኒት ነው የሚነድፉት። እሳቸው ፊት ፋራ ልንባል?»

ፌኔት ማርከር አነሳችና ከሠንጠረዡ ሥር በእጅ ጽሑፏ ሁለት መስመር ጨመረች፦ «አራት፦ ሮዝ። አምስት፦ ሮዝ።» ቤቴል ፊቷን አዞረች።

ዶክተሯ መጥተው ፖስተሩን አነበቡ። ጣታቸው በማርከር የተጨመሩት ሁለት መስመሮች ላይ አረፈ።

«እነዚህ ለምን እምቢ አሉ?»

ፌኔት ወደ ሠንጠረዡ ጠቆመች። «ለሦስቱ መድኃኒቱን የጨመርነው እርሾው ከኮመጠጠ በኋላ ነው፤ ከዚያ አጥበን ወደ ጎመኑ ውሃ አዛወርነው። ለሁለቱ ቸኩለን ገና ሳይኮመጥጥ ጨመርን። መድኃኒቱ የሚነቃው አሲድ ሲያገኘው ነው ይባላል። እዚያ ሳይነቃ ቀርቶ ይመስለኛል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ግን መፈተሽ እንችላለን።»

ዶክተሯ ወረቀታቸው ላይ የሆነ ነገር ጫሩ፤ አመስግነው ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ አለፉ። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

ቤቴል «ስለ መኮምጠጡ መቼ አሰብሽው?» አለች።

«አሁን፣ ስጽፈው።»

«አንደኛ ባንወጣስ?»

ፌኔት ደብተሯን ገልጣ አዲስ ሠንጠረዥ እያሰመረች ነበር፤ አሥር ብርጭቆ፣ አምስቱ የኮመጠጠ፣ አምስቱ ያልኮመጠጠ።

«ቅዳሜ እኛ ቤት ነይ» አለቻት። «እርሾውን አንቺ ግዢ።»