በኪሱ የነበረው ፊውዝ

ጥሩብርሃን ከገበያ ተጠርታ ስትደርስ፣ ባሏን አሰፋን ከኮርኒሱ አውርደው በወይዘሮ ሸዋገነት በረንዳ ላይ አጋድመውት ነበር። ፀጉሩ ሰጋቱራ ለብሷል፤ ቀኝ መዳፉ ጠቁሯል። ወንድሟ ሰብስቤ ደግፎ ያዛት።

«ዝናቡ ነው፣ ጥሩዬ! ዝናቡ ነው የጨረሰን!» እያለ አብሯት አለቀሰ። ከእናት ከአባቷ የቀራት እሱ ብቻ ነው፤ ደረቱ ላይ ተደፋች።

ወሩ ሐምሌ፣ ዘመኑ ፲፱፻፷፬ ነበር። የወይዘሮ ሸዋገነት የቆርቆሮ ጣራ በብርድ ከውስጥ እያላበው ኮርኒሱን አበሰበሰው። ስለዚህ አሰፋና ሰብስቤ ከቆርቆሮው ሥር ቅጥራን የተቀባ ካርቶን ወጥረው፣ ከኮርኒሱ በላይ ሰጋቱራ ይደለድሉ ነበር። የመብራቱ ሽቦ በሰጋቱራው ውስጥ ያልፋል።

ከኮልፌ ፖሊስ ጣቢያ የመጣው ሻምበል ጉልላት ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ጫማውን አውልቆ መሰላሉን ወጣ፤ ብዙ ቆይቶ ወረደ። ከዚያ የሟቹን ኪስ ፈተሸ። መሐረብና አንድ ነጭ ፊውዝ አገኘ።

«ይሄ ምን ይሠራል እዚህ?»

«ፊውዙን ነቅሎ ኪሱ ሳይከት ጣራ አይወጣም» አለች ጥሩብርሃን። «እናቱ ብትለምነው እንኳ አይሰጣትም።»

ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ።

«እርስዎ የት ነበሩ፣ ወይዘሮ ሸዋገነት?»

«እዚሁ! ከተከራዬ ከገሜዳ ጋር ስንጨቃጨቅ። ሰጋቱራ ጤፌ ላይ ረገፈ ብሎ ነፍሴን ሊያወጣት!»

«እርስዎ አይበሉት፣ ምን ቸገረዎ?» አለ ገሜዳ።

«አንተ ሰው፣ ሬሳ ውጭ ተኝቶ!... ብቻ መብራት ጠፍቶ ዝም ያለው ራዲዮኔ ድንገት ዘፈነ። ወዲያው ጩኸት ሰማን። ስንወጣ ሰብስቤ ቆጣሪው ጋ ቆሟል።»

«ላድነው ነዋ!» አለ ሰብስቤ። «ሮጬ ፊውዙን ነቀልኩት፤ ዘገየሁ እንጂ።»

ሻምበሉ ወደ ጥሩብርሃን ዞረ። «ሰሞኑን ባልሽን ያስጨነቀው ነገር ነበር?»

ወንድሟን አየችው። ብትናገር እሱንም ልታጣው ነው።

«የለም» አለች።

ጉልላት አልተጫናትም። ፊውዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ዝናብ አልገደለውም። ካርቶኑ ደረቅ ነው፤ የላይኛው ሰጋቱራም ደረቅ ነው። የራሰው ከሥር፣ ራቁቱን የቀረው የሽቦ መቀጠያ ዙሪያ ብቻ ነው። ውሃ አፍስሶ በደረቅ የሸፈነው ሰው አለ። ራዲዮው የዘፈነው ደግሞ መብራቱ ሲመለስ ነው። ያን ጊዜ ወይዘሮዋና ገሜዳ እዚህ ፊት ለፊት ይጨቃጨቁ ነበር።» ዓይኑን ሰብስቤ ላይ ተከለ። «ፊውዙ ከአሰፋ ኪስ አልወጣም። ታዲያ አንተ የነቀልከው ምንድን ነው?»

«ሌላ... ሌላ ፊውዝ ነበረ።»

«በፊውዙ ቦታ የገባው ይሄ ነበር። ቆጣሪው አጠገብ ካለው የሰጋቱራ ጆንያህ ሥር አገኘሁት።» ጫፎቹ የተቃጠሉ አጭር የመዳብ ሽቦ አሳየ። «ለምን እንዳደረግከው ግን አላውቅም።»

ሰብስቤ እህቱን አያት። ዓይኑ ይለምናት ነበር። ባለፈው እሑድ ከአሰፋ ጋር በአንድ ትሪ ሲበላ፣ ሲያጎርሰውም አሰፋን ያየው በዚሁ ዓይን ነበር።

«እኔ አውቃለሁ» አለች።

«ጥሩዬ፣ ተይ!»

«ዘነበወርቅ አጠገብ የተቃጠለው ቤት፣ እናትና ልጅ ያለቁበት... የመብራቱን ሽቦ ሳይጠቀልል ሰጋቱራ ውስጥ የቀበረው እሱ፣ ሰብስቤ ነው። አሰፋ ደረሰበት፤ የፊታችን ሰኞ ለእናንተ ሊያመለክት ነበር። ለማንም እንዳልተነፍስ አስምሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ለወንድሜ ነገርኩት። ቀድሞ ሄዶ እጁን ቢሰጥ ይቀልለታል ብዬ።»

«አዎ፣ ነግረሽኛል!» ብሎ ሰብስቤ ጮኸ። «አንቺ ባትነግሪኝ ኖሮ አሰፋ ዛሬ በሕይወት ነበር!»

ጥሩብርሃን ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ከዚያ መለሰችው።

«ቃሌን ይጻፉልኝ፣ ጌታዬ። አሰፋ ሰኞ ሊናገር የነበረውን እኔ ልናገር።»

ሻምበሉ ወረቀት አወጣ። «ከቃጠሎው እንጀምር?»

«ከእኔ ይጀምሩ» አለች። «ባሌ ያመነኝን አሳልፌ ከሰጠሁበት ቀን።»