ከኋላ ቆማ ያጨበጨበችው

«ተንበረከከች?» አለች ዩሌይዲ። «የምር ተንበረከከችለት?»

በአክስቷ በኔሬይዳ ፀጉር ቤት ያለው የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሁሉ ጠፍቷል። ሴቶቹ በቢጎዲን እንደተጠቀለሉ፣ ውሃው አንገታቸው ላይ እየተንጠባጠበ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጠዋል። የሳን ፔድሮን ከተማ ዓመታት ሙሉ ከሥራ ያስፈታው «የጨው መንግሥት» ድራማ ዛሬ አለቀ። ማለቅ ከተባለ።

ንግሥት ኦርሜላን በጨቅላነቷ ረግረግ ውስጥ ጥሏት የሄደው አባቷ ነው። ዲዳዋ ሞግዚት አዝላ አወጣቻት፤ ከዘንዶ አፍ ነጥቃ አሳደገቻት። ዛሬ ጦርነቱ ካለቀ፣ ደሙ ከታጠበ በኋላ፣ አባት ተብዬው በነጭ ፈረስ ከች አለ። ንግሥቲቱም ተንበርክካ ዘውዱን በእሱ እጅ አስጫነች። ሞግዚቷስ? ከሕዝቡ ኋላ ቆማ ታጨበጭባለች።

«ይሄን የጻፈውን ሰው እናቱ አላሳደገችውም» አሉ ከደንበኞቹ አንዷ ዶኛ ክሪሳንታ አንገታቸውን በፎጣ እየጠረጉ። «ሌላ ቀን ቶሎ የሚጠፋው መብራት እንኳ ለዚህ ጉድ አልጠፋም!»

«ዘንዶው ራሱ አፍሮ ፊቱን አዙሯል» አለች ዩሌይዲ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

አንድ ሰው ብቻ እንባውን ይጠርጋል፤ የዩሌይዲ አባት ራዳሜስ። ገና ዳዴ ስትል ለኔሬይዳ ትቷት ፖርቶ ሪኮ ሄጄ ልሥራ ብሎ ወጣ፤ የተመለሰው ባለፈው ሳምንት ነው። ቅዳሜ አሥራ አምስት ዓመት ይሞላታል። በድግሱ መሃል አባት ይንበረከክና የልጁን ጠፍጣፋ ጫማ አውልቆ ባለተረከዙን ያጠልቅላታል፤ ደንቡ ነው። ራዳሜስ ለፎቶው አዲስ ሸሚዝ አሰፍቶ፣ የጫማውን ካርቶን እንደ ሕፃን ታቅፎ ይዞራል። እሷን እንኳ እንዲያ ታቅፏት አያውቅም።

ዩሌይዲ ግን ደስ ብሏት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ውስጥ «አባቴ መጣ» ያላለችው ሰው የለም።

«አሪፍ አለቀ» አለ ራዳሜስ ንፍጡን እየሳበ። «አባት ምንጊዜም አባት ነው። አይደል፣ ንግሥቴ?»

«ሞግዚቷስ?»

«እ?»

«አዝላ ያወጣቻት። ንግሥቲቱ ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም እኮ።»

ራዳሜስ ሳቀ። «ሞግዚት ናት፣ ሥራዋ ነው። ደግሞ ምን ትሁን? ትንገሥ?»

የሳቀለት የለም። ኔሬይዳ ወለሉ ላይ የወደቁ የፀጉር ሽቦዎችን ትለቅም ነበር፤ ቀና አላለችም። አንዱን አነሳች፣ ሌላውን አነሳች፣ ከዚያ ያበጠ ጉልበቷን ደግፋ በመከራ ተነሳች።

ራዳሜስ ግራ ገባው። ካርቶኑን ወንበር ላይ ትቶ፣ «እስቲ መንገዱ ጥግ ያለው ሱቅ ሄጄ ከወንዶቹ ጋር ላውራበት» ብሎ ወጣ።

ዩሌይዲ ካርቶኑን አነሳች።

«አክስቴ።»

«ወዬ።»

«ጉልበትሽ እንዴት ነው?»

«እንደ ዘንዶው ነው፤ ሲነሳበት እሳት ይተፋል። ምነው?»

«ቅዳሜ መንበርከክ ትችያለሽ?»

ኔሬይዳ ካርቶኑን አየች። ከዚያ ልጅቷን አየች።

«አባትሽስ?»

«ከኋላ ቆሞ ያጨበጭባል። እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።»

ኔሬይዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ካስኮቹን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው፤ ቤቱ በጩኸት ተሞላ። ዶኛ ክሪሳንታ «አቃጠልሽኝ እኮ!» እያሉ ቢጮኹም የሚሰማቸው አልነበረም።

ዩሌይዲ ካርቶኑን የአክስቷ መደርደሪያ ላይ፣ ከቢጎዲኖቹ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ በሩን ገፍታ አባቷ ወዳለበት ወደ ጥጉ ሱቅ አመራች።