ባዶውን የመጣ ገመድ

የጭነት መኪናው ጎማ ጭቃው ውስጥ ሲሰምጥ ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋና «ከዚህ ወዲያ በእግራችሁ ነው» አለ።

ልጅቷ ቦርሳዋን አንግባ ወረደች። መነጽርም ተከተላት። ይህን ስም የበረራ ትምህርት ቤት ጓደኞቹ ናቸው ያወጡለት፤ ጥቁር መነጽሩን በደመናማ ቀን እንኳ አያወልቅም። አብረው ተመርቀው፣ የንግድ አብራሪነት ፈቃድ አብረው ይዘው፣ በየድርጅቱ በር አብረው ተንከራተዋል። መልሱ አንድ ነበር፦ የበረራ ሰዓታችሁ ጥቂት ነው፣ ልምድ ይዛችሁ ኑ። ልምዱን የሚሰጥ ግን ጠፋ። በመጨረሻ መነጽር አንድ ወሬ ይዞ መጣ። ከጫካው ማዶ፣ ወንዝ ዳር፣ መድኃኒትና እህል በትንንሽ አውሮፕላን የሚያመላልስ ድርጅት ጀማሪ ይቀጥራል፤ የሚያየውም በአካል የመጣን ብቻ ነው።

«ሁለት ሰው ይፈልጋሉ፣ እህት ዓለም» አላት። «አንዱ አንቺ፣ አንዱ እኔ።»

እናቷ ስለ አውሬው፣ ስለ ጎርፉ፣ ስለ ወባው ስታስብ እህል አልወርድ ብሏት ሰነበተች። በመነሻው ቀን ነጩን የአብራሪ ሸሚዝ ተኩሳ በላስቲክ ጠቀለለችና መነጽር ፊት ቆመች። «ልጄን አደራ።»

«እኔ ላይ ይጣሉት፣ እማማ» አለ።

የለቀቀቻት እሱን አምና ነው።

ጫካው ውስጥ ገና ሳይዘልቁ ዝናቡ ያዛቸው። ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ወረደ። ዱካው ጅረት ሆነ። ነፋሱ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ገንጥሎ ከፊታቸው ሲጥለው መነጽር ወደ ኋላ ተንደረደረ፤ ልጅቷ ግን በላዩ ተሻግራ እጇን ዘረጋችለት። ዝናቡ አባርቶ ጥቂት እንደሄዱ ቁጥቋጦው ተተረማመሰና አንድ ብቸኛ ጎሽ ብቅ አለ። ቀንዱ ላይ ሐረግ ተንጠልጥሏል። ቆሞ አያቸው።

«እንዳትሮጥ» አለች በሹክሹክታ።

«እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል።»

«ጎሽ፣ እንደሱ ሁን።»

ክንዱን ይዛ ቀስ በቀስ ወደ ዛፍ ጀርባ ሳበችው። ጎሹ በአፍንጫው አጉረመረመ፣ መሬቱን ጫረ፣ ከዚያም ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ዞሮ ሄደ። መነጽር ግንዱን ተደግፎ ተንሸራተተ። «ሕይወቴን ነው ያዳንሽው» አላት። «ይህን እስክሞት አልረሳውም።»

ወንዙ ሞልቶ፣ ደፍርሶ ጠበቃቸው። ዳሩ ላይ መንገደኛ ሁሉ የሚገለገልባት፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ጠባብ ታንኳ ነበረች። ከፊትና ከኋላ ረጅም ገመድ አላት። አንዱ ሲቀዝፍ ሌላው ዳር ቆሞ የኋላውን ገመድ እያላላ ይይዛል፤ አለዚያ ውሃው ታንኳዋን ጠርጎ ይወስዳታል። የተሻገረው ደግሞ ታንኳዋ ተጎትታ ስትመለስ የፊቱን ገመድ ይዞ ይጠብቃል። ብቻውን የሚሻገራት የለም።

«እኔ ልቅደም» አለ መነጽር። «ማዶ አውሬ ቢኖር እኔን ያግኘኝ።»

ልጅቷ ገመዱን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ ተረከዟን ጭቃው ውስጥ ቀብራ ያዘችለት። መዳፏ ተላጠ። ታንኳዋ ማዶ ደረሰች፣ እሱም ወረደ። ጎንበስ ብሎ የኋላው ቋጠሮ ላይ ሲሠራ አየችው። የሚያጠብቀው መስሏት «በደንብ እሰረው» ብላ ጮኸች።

ሳበች። ገመዱ ቀለላት። ባዶውን መጣ።

መነጽር ታንኳዋን ወደ ዳር ጎትቶ ሳሩ ውስጥ ገባ። ዞሮ አላያትም። እሷ ግን ገመዱን እየጠቀለለች፣ የሆነ ነገር ፈልጎ ነው፣ ይመለሳል ብላ ጠበቀች። አልተመለሰም። የተላጠው መዳፏ መቃጠል የጀመረው ያኔ ነው።

ለመመለስ ያ ጎሽ አለ። ወደፊት ደግሞ ውሃው። ሸሚዙን ከነላስቲኩ ራሷ ላይ አሰረች፤ የገመዱን አንድ ጫፍ ከዛፍ፣ ሌላውን ከወገቧ ቋጠረችና ገባች። ነፋስ ከጎን ሲገፋ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ነፋሱ ማዞር እንደለመደችው፣ ፊቷን ውሃው ወደሚመጣበት አዙራ ዋኘች። ገመዱ ሲያልቅባት ቋጠሮውን ፈታችው። ከኋላዋ ግንድ የመሰለ ነገር ከዳር ተነሥቶ ድምፅ ሳያሰማ ውሃው ውስጥ ገባ። አዞ ነበር። ጎርፉ ቁልቁል ወሰዳት፣ አንከባለላት፣ ማዶ ዳር ላይ የዛፍ ሥር አስያዛት። በጉልበቷ እየዳኸች ወጣች። አዞው ያለበት ውሃ ከኋላዋ አበጠና ተመልሶ ተስተካከለ።

ቀና ስትል ከፊቷ የጠጠር ማኮብኮቢያ ተዘርግቷል። ጎርፉ የጣላት ጫፉ ላይ ነው። ያ ጫፍ ግን አልነበረም፤ ውሃው ከሥር በልቶት ጠጠሩ ተደርምሷል፣ ላዩን ሳር ሸፍኖታል። ከአየር ላይ ደህና መሬት ይመስላል።

የሞተር ድምፅ ሰማች። አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በወንዙ በኩል ለማረፍ ዝቅ እያለች ነበር። ለሥራ ሊፈተን በረራ የወጣው ማን እንደሆነ ለመገመት አልተቸገረችም። እንዲቀጥራት የምትፈልገው ሰውም አብሮት መሆን አለበት።

አላመነታችም ማለት ውሸት ይሆናል። እጇ አንድ ጊዜ ቆመ። ከዚያ ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችና ያን ንጹሕ ሸሚዝ ለሁለት ተረተረችው። ጠጠሩ ላይ አነባብራ ነጭ መስቀለኛ ምልክት ሠራች፤ እዚህ አትረፍ ማለት ነው፣ አብራሪ ሁሉ ያውቀዋል። ጫፉን በድንጋይ ጫነችና መሬት ላይ ተደፋች። ሞተሩ አጓራ። ጎማው ከበላይዋ አልፎ ወደ ሰማይ ወጣ።

አውሮፕላኗ በሌላው ጫፍ አርፋ ቆመች። ሽበታሙ ዋና አብራሪ በእግሩ መጥቶ ገደሉን ቁልቁል አየ፣ ሸሚዙን አየ፣ በመጨረሻ እሷን አየ። መነጽር ራቅ ብሎ ቆሟል።

«አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?»

«ከማዶ፣ ጋሼ። ሥራ ፈልጌ ነው።»

«ይሄን ልጅ ገመዱን ማን ያዘልህ ስለው፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው አለኝ።»

«ዓሣ አጥማጇ እኔ ነኝ።» መዳፏን ዘረጋችለት።

ሰውዬው የተላጠውን መዳፏን ይዞ አየው።

«ሁለት ሰው ትፈልጋላችሁ ተብዬ ነው የመጣሁት» አለች።

«ሁለት? አንድ ብቻ ነው ያልኩት። በስልክ ለሱ ነው የነገርኩት።»

ወንዙ ያላደረገውን ይህ አደረገባት። ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለች። ከቤት ሲነሱ፣ እናቷ ፊት ሲቆም መነጽር ይህን ያውቅ ነበር። ያመጣት ለገመዱ ነው።

«እህት ዓለም…» አለ መነጽር።

«መነጽርህን አውልቅና ጥራኝ» አለችው። አላወለቀም።

ዋናው አብራሪ የቀጠረው እሷን ነው፤ ወንበሩ የሷ ሆነ። ማታ በቢሮው ስልክ እናቷን አገኘቻት። «ያ ልጅ አደራዬን ጠበቀልኝ?» አለች እናት።

ልጅቷ በፋሻ የታሰረ መዳፏን አየች። «ደርሻለሁ፣ እማዬ» አለች።

በመጀመሪያ በረራዋ ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ወደ ከተማ የሚመለሰው መነጽር ነበር። የማኮብኮቢያው ጥበቃ በጣቱ እያመለከተ «ማኮብኮቢያው ንጹሕ ነው፣ አሁን ሄጄ አይቼዋለሁ» አላት።

አመሰገነችው። ከዚያ በሩን ከፍታ ወረደችና ከጫፍ እስከ ጫፍ ራሷ በእግሯ ሄደችበት።