የሃየሎም ፊት

«የሃየሎም ፎቶ አንቺ ዘንድ አለ አሉኝ» አሉ ሴትዮዋ፣ ከሱቁ ደጃፍ እንደቆሙ።

ናጂያ ክው አለች። ሴትዮዋን አይታቸው አታውቅም፤ ግን ያ ሰፊ ግንባር የማን እንደሆነ አልጠፋትም። የሃየሎም እናት፣ እትዬ ኣልጋነሽ ናቸው። ሃየሎም እዚሁ ገዳሪፍ ከተማ፣ በናጂያ አባት ሱቅ ጆንያ ሲሸከም የከረመ፣ ከእሷ ጥቂት የሚበልጥ ልጅ ነበር። ለሰሊጥ አጨዳ ቁረይሻ ወደሚባለው የእርሻ አገር ወርዶ ትራክተር ተገለበጠበትና ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ወሬው ስደተኞች ካምፕ ላሉት እናቱ የደረሰው አፈር ከለበሰ በኋላ ነው።

«ቅዳሜ አርባው ነው» አሉ። «ሰው ሲሰበሰብ ፊት ለፊት የማኖረው ፎቶ የለኝም። ሸሽተን ድንበሩን በሐምዳይት ስንሻገር ከነፍሳችን ሌላ ምን ያዝን! ሬሳውን እንኳ አላየሁም፣ ጓለይ፣ ልጄ። ፊቱን ልየው።»

የናጂያ እናት ራሒማ ወንበር አቀረበችላቸው። ናጂያ ግን ስልኳን ጨብጣ ቀረች።

ገበያው ውስጥ ፎቶ ቤት ያለው ኡስታዝ ሉጥፊ ዓርብ ዓርብ ፎቶ ማንሳት ያስተምራታል። ክርንሽን ከጎንሽ አጣብቂ፣ ትንፋሽሽን ያዢ፣ መጀመሪያ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ እዪ ይላታል። ከሰላ ከተማ ላለው የፎቶ ማሠልጠኛ የምትልከውን ፖርትፎሊዮም፣ የምርጥ ፎቶዎቿን ስብስብ፣ አብረው ያዘጋጃሉ።

«ፖርትፎሊዮ መጋዘን አይደለም!» ይላል ሁልጊዜ። «ደካማውን ጣዪ። ወላሂ፣ አንድ ደካማ ፎቶ ሌሎቹን ይዞ ይወርዳል።»

ሃየሎምን ሁለት ጊዜ አንስታው ነበር። አንዱን ራሱ ለምኗት፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ። ሁለተኛውን ሳያውቅ፣ ጆንያ ተሸክሞ መኪና ላይ ሲወጣ፣ ፀሐይዋ ከኋላው ስትጠልቅ። ሉጥፊ ሁለተኛውን ሲያይ «ያ ሰላም! ይቺ የፖርትፎሊዮሽ መክፈቻ ናት» አለ። የመጀመሪያውን ግን «ይሄማ የመታወቂያ ፎቶ ነው» ብሎ ሳቀበት። አይ ናጂያ! እሷም አብራ ሳቀችና ያን ፎቶ በዚያው ዕለት አጠፋችው። አሁን ከስልኩ የቆሻሻ ቅርጫት እንኳ ወጥቶ ጠፍቷል።

ያላትን አሳየቻቸው። እትዬ ኣልጋነሽ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። በነጠላቸው ጫፍ መስታወቱን ጠረጉት። እንደገና ጠረጉት።

«ጨለመብኝ። ፊቱ የት አለ?»

«ፀሐይዋ ከኋላው ስለሆነች ነው፣ እትዬ። አይታይም።»

«ሌላ የለሽም?»

«የድሮው ስልኳ ተበላሽቶባት ነው እኮ» አለች ራሒማ ፈጥና፣ ናጂያን በዓይኗ እየጠቀሰች። «ስንቱ ፎቶ አብሮ ጠፋ!»

መውጫው ይኸው፤ አዎ ብላ ራሷን ብትነቀንቅ ያልቃል። እትዬ ኣልጋነሽ በስልኩ አዝነው ወደ ካምፓቸው ይመለሳሉ፤ ማንም ማንንም አይከስስም። ናጂያ አንገቷን ልትነቀንቅ ብላ አቃታት።

«አልተበላሸም» አለች። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ለእናቴ ላኪልኝ ብሎ ያስነሳው ፎቶ ነበር። ነገ ነገ ስል ቆየሁና ቆንጆ አይደለም ብዬ አጠፋሁት።»

ራሒማ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

እትዬ ኣልጋነሽ አልጮኹም፣ አልረገሟትም። ቢሰድቧት በተሻላት!

«ለእናቴ አለ?»

«አዎ፣ ለእናቴ አለኝ።»

«ቆንጆ አይደለም አልሽ?» አሉ፤ ከዚያ እንባቸው መጣ። ናጂያም አለቀሰች፤ ምን ታድርግ፣ የሚመለስ ነገር የለም።

ብዙ ቆይተው ፊታቸውን ጠረጉ። «አንቺ አይተሽዋል። በይ ንገሪኝ።»

ናጂያ ከእግራቸው ሥር ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች።

«ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነበር። ሰማያዊ ነው፣ ከጓደኛው የተዋሰው። ጸጉሩን በውኃ ነክሮ ወደ ኋላ አበጥሮታል። ሳቅ እያመለጠው ሁለቴ አስቆመኝ።»

«ከስቶ ነበር?»

«ኧረ ምን ከሳ!» የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። የሴትዮዋን ዓይን አየችና ዋጠችው።

«አዎ፣ እትዬ» አለች። «ከስቶ ነበር። አጥንቱ እዚህ ጋ ይታይ ነበር።» የራሷን ጉንጭ በጣቷ ነክታ አሳየቻቸው።

እትዬ ኣልጋነሽ እጃቸውን ዘርግተው ያን ቦታ ዳሰሱት።